ፓራፋንጎዬን በ1000 ወረቀት ፈትጌው ነጣ፤ ያለ ማሽን በእጅ ይመለሳል?

የግቢው_በር (ጠያቂ) · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። የ2007 ኮሮላ አለችኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያ በፀሐይ ብልጭ ብልጭ የሚለው ሜታሊክ ቀለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ግቢ ሳስገባ ቀኝ የፊት ፓራፋንጎዋ የብረት በሩን ታከከ። ጭረቱ አንድ ክንድ ያህላል። መሃል ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቀለሙ ጨርሶ ተነስቶ ግራጫው ታየ።

ጋራዥ ሄጄ ዋጋ ጠየቅኩ። ሰምቼ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከሶማሌ ተራ ተቀራራቢ ቀለም በስፕሬይ ጣሳ ገዝቼ ነፋሁበት። ሲደርቅ ጠርዙ ጉብ ብሎ ቀረ። ጎረቤቴ የቤት ዕቃ ቀለም ይቀባል። «በውሃ እያረጠብክ በዚች ፈትጋት፣ ትስተካከላለች» ብሎ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። ፈተግኩ። እውነቱን ነው፣ በእጅ ሲነኩት ለስላሳ ነው። ግን ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጣ። ጭጋግ የያዘው መስታወት በሉት። የሚገርመው ውሃ ሳፈስበት እንደ አዲስ ያበራል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይነጣል።

ማሽን የለኝም። ኮምፓውንድ (ያ ቀለም እየፋቀ የሚያበራው ማሻሻ ቅባት) ገዝቼ ትናንት ግማሽ ሰዓት በፎጣ አሸሁት። ትንሽ ወዝ አገኘ፣ ጭረቱ ግን እዚያው ነው። ክንዴ ብቻ ነው የተሻሸው። በእጅ ይሆናል ወይስ ልተወው?

---

አራዳው_27 · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

ኮልጌት ቀባበት ጀለስ። ቀልድ አይደለም። የበር እጀታዬ ስር ያለውን የጥፍር ጭረት በሱ ነው ያጠፋሁት።

---

ማሚ_ቪትዝ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31

አራዳው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። መኪናዋ ለሁለት ቀን ሚንት ሸተተች። የበር እጀታ ስር ያለ የጥፍር ጭረት እሺ፣ ይቀንሳል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፍቅ ነገር ስላለ ነው። ይሄ ግን በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ሰፈራችን ያለው ላቫጆ ደግሞ ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ጠረገልኝና አበራልኝ። እስክደርስ ድረስ አቧራው ሁሉ ተለጠፈባት። በሳሙና ሳጥባት ጭረቱ ከነሙሉ ክብሩ ተመለሰ።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:50

የግቢው በር፣ ተረጋጋ። ብዙ አላበላሸህም። ውሃ ስታፈስበት ያበራል ያልከው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ጭረቶቹን ሞልቶ ስለሚደለድለው ብርሃኑ ሳይበታተን ይመለሳል። ለዚህ ነው የሚያበራው። ጥልቅ ጭረት ቢሆን በውሃ ስርም ቁልጭ ብሎ ይታይህ ነበር። ማሚ ቪትዝ ያለችው ናፍጣም ያው ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያወጣም።

እጅህ ስር ያለው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ልንገርህ። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ፣ ማለትም ከስር ካለው ግራጫ ሽፋን ጋር፣ ቢለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ክሊሩ፣ ማለትም ከላይ ያለው ቀለም የሌለው መስታወት መሳይ ሽፋን፣ 40 ወይም 50 ቢሆን ነው። ከአንድ ዘለላ ፀጉር ይቀጥናል። ፀሐይን የሚችልልህም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ጣሪያቸውና ኮፈናቸው እንደ ሽንኩርት የሚላጥ መኪኖች ታያለህ አይደል? ክሊሩ ያለቀባቸው ናቸው።

አሁን ወደ አንተ። የ1000 ወረቀት ፍሬ 18 ማይክሮን አካባቢ ነው። የ2000 ደግሞ ወደ 10 ይወርዳል። ኮምፓውንድ በእጅ የ1000ን ጭረት አያወጣም። ሳምንት ብታሸው ጫፍ ጫፉን አለስልሶ ወዝ ይሰጠዋል እንጂ ጉድጓዱ እዚያው ነው። አንተ ትናንት ያየኸው ይሄንኑ ነው። የ2000ን ያወጣል፣ ግን በላብ። 3000 ድረስ ካወረድከው በእጅ ይበራል።

ስለዚህ ለማብራት ብለህ እንደገና ልትፈትግ ነው። ግራ ይመስላል፣ ግን መንገዱ ይሄ ነው። 1500፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000። ወረቀቱን ጠብታ ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፈው። በጣትህ ይዘህ አትፈትግ፤ ጣቱ ያረፈበት ይጎደጉዳል። ያረጀ ሲሊፐር ካለህ ከሶሉ ቁረጥና ወረቀቱን ጠቅልልበት፣ ከሱ የተሻለ አታገኝም። 1000ውን ወደ ጎን ፈትገህ ከሆነ 1500ውን ወደ ላይና ወደ ታች አድርገው። ከዚያ አድርቅና እይ። ወደ ጎን የሚሄድ አንድ መስመር እንኳ ካየህ 1500ው ሥራውን አልጨረሰም። 2000ው ላይ አቅጣጫህን መልሰህ ቀይር። ተለማማጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ይቸኩልና ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ኮምፓውንድ ሲያደርግ ያቺ የ1000 መስመር ብቅ ትላለች። ከዚያ ኮምፓውንዱን ይሰድባል።

የፓራፋንጎው ጠርዝና ያ የታጠፈው መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። ጫፍ ላይ ክሊሩ ሁልጊዜ ስስ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ብትመላለስበት ያልቃል።

---

ቨርጂኒያ_ጋራዥ · እሁድ፣ ከንጋቱ 11:15

ጋሼ የተናገሩት በሙሉ ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው እጁን ለምን ይገድላል? ያቺ ትንሿ እየዞረች የምትንቀጠቀጥ ማሽን በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ትመላለሳለች። እጅ ቢበዛ መቶ ምናምን ቢመላለስ ነው። እዚህ ማንም በእጅ አይሠራም።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · እሁድ፣ ከረፋዱ 4:02

ቨርጂኒያ፣ እውነትህን ነው፤ ሙሉ መኪና ቢሆን እኔም በእጅ አልነካውም። ይሄ ግን ሁለት መዳፍ ነው። ማሽን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን በገዛ መኪናው ጠርዝ ላይ ሲለማመድ አይቻለሁ፤ በተለይ በዚያኛው ቀጥ ብሎ በሚሽከረከረው። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፣ ክሊሩ ጭሶ ይነሳል። እጅ ዝግተኛ ነው። ዝግታው ነው የሚያድንህ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ እጅ አይጠፋም።

---

ቨርጂኒያ_ጋራዥ · እሁድ፣ ከረፋዱ 4:20

ተቀብያለሁ ጋሼ 😂

---

የግቢው_በር · እሁድ፣ ከምሽቱ 12:48

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። 1500 እና 2000 ሰፈር አገኘሁ። 3000 ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ። የእናቴን አሮጌ ሲሊፐር ቆረጥኩ (አላወቀችም)። ውሃ ፈረቃ ስለነበር በጀሪካን እያንቆረቆርኩ ነው የሠራሁት።

1500ው ላይ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ያቺ ወደ ጎን የምትሄድ መስመር የሚሏት ነገር እውነት አለች! በዓይኔ አልቃለች ስል የስልኬን መብራት በአግድም ሳበራባት ቁጭ ብላ ታየኛለች። 3000 ስደርስ ቦታው ግራጫ ሐር መሰለ፤ ጭጋጉ አለ፣ መስመር ግን የለም።

ከዚያ ኮምፓውንድ ጀመርኩ። አሁን ነው ጉዱ። ጨርቄ ሰማያዊ ሆነ! ወዲያው አቆምኩ። ክሊሩን ጨርሼዋለሁ ማለት ነው?

---

ማሚ_ቪትዝ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:10

ወይኔ። የእኔ ልብ ነው የደነገጠው።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:33

በማቆምህ ጎበዝ። ሁለት ነገር መልስልኝ። ሰማያዊው የወጣው አንተ በስፕሬይ ከነፋህበት ቦታ ላይ ነው ወይስ ከዙሪያው? ሁለተኛ፣ ከቀለሙ በላይ ክሊር ነፍተህበት ነበር?

---

የግቢው_በር · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:41

አዲስ ጨርቅ ይዤ ለየብቻ ሞከርኩት። ዙሪያው ላይ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ነው፣ ትንሽ ግራጫ ቢሆን ነው። ሰማያዊው የሚመጣው እኔ ከነፋሁባት ቦታ ብቻ ነው።

ክሊር? ሻጩ አንድ ጣሳ ነው የሰጠኝ። ቀለም ብቻ።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:15

በቃ፣ ተገኘ። የፋብሪካው ክሊር ደህና ነው። አንተ የነፋህበት ቦታ ላይ ግን መጀመሪያውኑ ክሊር የለም። እያሸህ ያለኸው ራሱን ቀለሙን ነው።

ሜታሊክ ቀለም ብቻውን አያበራም። የተሠራው እንዲያ ነው፤ ደርቆ ደብዛዛ ይሆናል፣ ብርሃኑን የሚሰጠው ከላይ የሚነፋው ክሊር ነው። እሱን እስከ ጥምቀት ብታሸው ቀለሙ አልቆ ግራጫው ይወጣል እንጂ አይበራም። ድሮ የነበሩት አንድ ወጥ ቀለሞች ሌላ ናቸው። የጥንት ቮልስ ወይም የጥንት ዲኤክስ በፋብሪካ ቀለሟ ያለች ካየህ፣ ቀለሙና ብርሃኑ አንድ ላይ ነው። እሷን ስታሽ ጨርቅህ የግድ ቀለም ይይዛል፣ ምንም ችግር የለውም። ላዳ ታክሲ ስናሽ ማታ እጃችን ሰማያዊ ሆኖ ነበር ወደ ቤት የምንገባው፤ ባለቤቴ ከርቀት ነበር የምታውቀው ምን ስሠራ እንደዋልኩ።

አሁን እንዲህ አድርግ። ዙሪያውን ጨርሰው። መዳፍ በምታህል ስፖንጅ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ኮምፓውንድ ሦስት ቦታ ጠብ አድርግ። አንድ ጊዜ የምትሠራው ቦታ ከአንድ መጽሔት ስፋት አይብለጥ። መጀመሪያ በኃይል፣ ሁለቱን እጅህን ደርበህ፣ ወደ ጎን እና ወደ ላይ። ክብ ክብ አትዙር፤ ያ የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት የሚወለደው ከዚያ ነው። ኮምፓውንዱ እየሳሳ ሲመጣ ኃይልህን ቀንስ። ሳይደርቅ ጥረገው። ጨርቅ መሬት ከወደቀብህ አትመልሰው፣ ሌላ አንሳ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ የአንድ ቀን ድካምህን ትበላዋለች።

የነፋህባትን ቦታ ግን አትንካት። ክሊር ትፈልጋለች።

---

አቡዳቢ_ሹፌር · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:00

ከዚህ ላይ አንድ ነገር። ፀሐይ ላይ እንዳትሠራ ወንድሜ። እኔ እዚህ ከሰዓት በኋላ ኮፈን ላይ ኮምፓውንድ አድርጌ፣ ልጠርገው ዞር ስል ኖራ ሆኖ ጠበቀኝ። እሱን ሳስለቅቅ ሌላ ጭረት ፈጠርኩ። መዳፍህን ብረቱ ላይ አሳርፈህ ካቃጠለህ ቆይ።

---

ቨርጂኒያ_ጋራዥ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:26

የጣሳ ክሊር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራው ነው፣ በትነት ብቻ ይደርቃል። ሌላው ከጣሳው ስር የምትጫን ቁልፍ አለችው፤ ስትጫናት ማጠንከሪያው ውስጥ ይለቀቅና ይቀላቀላል። ሁለተኛው እንደ ጋራዥ ክሊር ይጠነክራል፣ ቤንዚን ቢፈስበትም አይለቅም። ግን አንዴ ከተጫነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጣሳው ውስጥ ይደነድናል። ጭሱ ደግሞ ለሳንባ መጥፎ ነው። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያመጣል። የኮሮና ጊዜ ማስክ አይበቃውም፤ የቀለም ቀቢ ባለካርትሪጅ ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ማስኩ ከሌለህ ተራውን ግዛ።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

ቨርጂኒያ ይሄን ስላነሳህ እጅህ ይባረክ። እኛ በወጣትነታችን አፋችን ላይ ሻሽ አስረን ነበር የምንነፋው። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ነው ሻሹ ትዝ የሚለኝ።

የግቢው በር፣ ተራው ይበቃሃል። ከመንፋትህ በፊት የፋርማሲ አልኮል በውሃ ግማሽ ለግማሽ አድርገህ ጨርቁን ጨምቀህ ዙሪያውን ጥረግ። የኮምፓውንድ ቅባት ካለ ክሊሩ ዓሣ ዓይን ያወጣል፤ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ቀለሟ ራሷ ላይ ግን አልኮሉን አታሽ፣ የጣሳ ቀለም ይለቃል፤ እሷን ንጹህ ደረቅ ጨርቅ ብቻ አስነካት። ከዚያ ስስ አድርገህ ሦስት ጊዜ ንፋ፣ በየመሃሉ አሥር ደቂቃ እየጠበቅክ። አንዴ አወፍረዋለሁ ካልክ ይወርዳል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትንካው፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ተራው ክሊር ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ቶሎ ከፈተግከው ወረቀቱ ላይ ይጠቀለላል።

ሲደርስ 2000፣ 3000፣ ኮምፓውንድ። በስሱ። ሰም ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ወር አትቀባው፣ ይተንፍስ።

---

ማሚ_ቪትዝ · ሰኞ፣ ከረፋዱ 4:45

ጋሼ ይቅርታ፣ ክሩን ልጥለፈው። የእኔዋ ነጭ ናት። ከወራት በፊት የሰፈር ልጆች አቧራው ላይ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው ጻፉባት። አጠብኳት። ጽሑፉ ግን አልለቀቀም! በፀሐይ ሲታይ እስከ ዛሬ ኮፈኑ ላይ ይነበባል። በእጅ ይወጣል? ደግሞ ክሊር እንዳላትና እንደሌላት በምን አውቃለሁ? ነጭ ሆና ጨርቁ ላይ እንዴት ይታየኛል?

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · ሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ልጄ፣ ነጭ መኪና በጥቁር ጨርቅ ነው የምትፈተነው። የማይታይ ጥግ ላይ፣ በር ሲከፈት ውስጥ ያለው ጠርዝ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ኮምፓውንድ አድርጊና እሺው። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ የኖራ ዱቄት የመሰለ ከወጣ ክሊር የላትም። ኮምፓውንዱ ራሱ ነጭ ከሆነ ያሳስትሻልና መጀመሪያ መስታወት ላይ አሺና ምን እንደሚመስል እዪ።

ለጽሑፉ፣ ጥፍርሽን በአግድም ጎትቺበት። ጥፍርሽ ካልተያዘ ወረቀት አያስፈልግሽም፤ በእጅ ኮምፓውንድ ሁለት ሦስት ዙር ብታደርጊው ይጠፋል። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ አትከተይው። እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ማውረድ አለብሽ፣ ያን ያህል ክሊር ደግሞ የለሽም። ጫፉን አለስልሰሽ ከሱ ጋር መኖር ነው። ጣቱ አይደለም የሚጭረው፣ ከጣቱ ስር ያለው አቧራ ነው። ላቫጆ ቤቶች በደረቅ ጨርቅ «እንዳብሳት» ሲሉሽም እምቢ በያቸው፣ ያው ነው። መጀመሪያ ውሃ።

---

ማሚ_ቪትዝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

«ጠ»፣ «ቡ» እና «ኝ» ላይ ጥፍሬ አልተያዘም። «እ» ላይ ተያዘ። ልጁ ሲጀምር ጉልበት ነበረው ማለት ነው።

---

የግቢው_በር · ከ20 ቀን በኋላ፣ እሁድ ከቀኑ 10:15

ተመለስኩ። ረስቻችሁ አይደለም፣ ክሊሩ እስኪደርቅ ነው። በስድስተኛው ቀን ትዕግስቴ አልቆ በጥፍሬ ጫፍ ነካሁት፤ ምልክቱ ቀረበት። ከዚያ በኋላ በሸራ ሸፍኜ ዞር አልኩ። (ሸራው በንፋስ እየተንቀሳቀሰ ሌላ ጭረት እንዳያመጣ ከስር ንጹህ አንሶላ አደረግኩ። የእናቴን። አሁን ሁለት ዕዳ አለብኝ።)

ዛሬ ጠዋት ጥላው ሳይሄድ ጀመርኩ። 2000ውን አሥር ጊዜ ያህል ብቻ፣ ክሊሩ ጉብ ያለበት ጠርዝ ላይ። ከዚያ 3000። ከዚያ ስፖንጁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጨርቄን ገልብጬ አየሁት፣ ሰማያዊ የለም። ጠረግኩት። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ግንባር ነው፣ ላብ ያለበት። ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን የግቢ በር፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ያለውን የቤት ቁጥር፣ በግልባጩ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ፍጹም አይደለም። ያቺ አውራ ጣት የምታህለው ቦታ ከጎን ሲታይ ከሌላው ትንሽ ትጠቁራለች፤ ቀለሙ ተቀራራቢ እንጂ አንድ አይደለም። በስልክ መብራት ደግሞ ሁለት ቀጭን መስመር አሁንም አገኛለሁ። የኮምፓውንዱ ቅባት የሸፈነው ጭረት እንዳለ ለማየት አልኮሉንም የፋብሪካው ክሊር ላይ ብቻ አሻሽቼ አየሁ፣ ምንም የተደበቀ ነገር አልወጣም። ታናሽ ወንድሜን ጭረቱ የት ነበር ብዬ ጠየቅኩት፣ የግራውን ፓራፋንጎ አሳየኝ።

የበሩ ምሰሶ ላይም አሮጌ የውሃ ጎማ ሰንጥቄ አስሬበታለሁ።

---

አራዳው_27 · እሁድ፣ ከቀኑ 10:40

ፎቶውን አየሁት፣ ነፍ ነው! ግን ኮልጌት ብትሞክር...

---

ቨርጂኒያ_ጋራዥ · እሁድ፣ ከቀኑ 10:52

አራዳው 😂 ጥርስህን ታጠብበት።

---

የድሮ_ቀለም_ቀቢ · እሁድ፣ ከምሽቱ 12:30

ጎበዝ። ሁለቱን መስመር ተዋቸው። በስልክ መብራት ፓራፋንጎ የሚያይ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ክሊሩ ተራው ስለሆነ ቤንዚን ከማፍሰስና ከጠንካራ ማጽጃ ጠብቀው። ሰሙን በሚመጣው ወር።

ለእናትህ ሲሊፐር ግዛላት። ያንን የ1000 ወረቀት ደግሞ ለጎረቤትህ መልስለት።